ፓንሲት በአንድ ምድጃ

ጥቅምት አጋማሽ፦ መነሻ

ዓላማው ከፈረቃ ስመለስ ኩሽናው የእኔ በሚሆንበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለአራት ሰው የሚበቃ ፓንሲት ማድረስ ነው። የምንኖረው ዱባይ፣ ሳትዋ፣ በቤድ ስፔስ ነው፤ አልጋ ብቻ ተከራይቶ ቀሪውን ቤት መጋራት ማለት ነው። ኩሽናው በተራ ነው። ስቶቩ ባለ ሁለት ቢሆንም አንዱ አይሠራም። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ቀጣዩ ተረኛ ድስቱን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ምንም አይናገርም፣ ግን ይቆማል።

ፓንሲት የፊሊፒኖች የኑድል ምግብ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እኔ የያዝኩት በቀጭን ኑድል፣ በዶሮና በአትክልት የሚሠራውን ፓንሲት ቢሖን ነው። (አነባበቡ "ቢሆን" ነው፤ እንደዚያ ብጽፈው ግን ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ስለሚምታታ በ"ሖ" ጽፌዋለሁ።)

የክፍል ተጋሪዬ ከሴቡ የመጣች ፊሊፒና ናት። በዕድሜ ትበልጠናለች፤ ቤቱ ሁሉ እንደ አገሯ ልማድ "አቴ" (ታላቅ እህት) ነው የሚላት። ስትሠራ ቆሜ አይቻለሁ፤ የምትለካው በዓይኗ ነው። "አቴ፣ ውኃው ስንት ነው?" ስላት "እስኪበቃው" አለች። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለሠራችው ይበቃታል። እኔ የምፈልገው በሚሊ ሊትር ነው፤ ይህን ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩትም ለዚያ ነው።

ያለኝ ዕቃ፦ 28 ሴንቲ ሜትር የማይዝ መጥበሻ፣ መካከለኛ ድስት፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ወንፊት፣ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። መለኪያ ጆግ የለኝም። ሚዛኑ ይተካዋል፤ 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ነው፣ መረቅም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የመጀመሪያው ድስት

እንደ ፓስታ ጀመርኩት። ውኃ አፈላሁ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ኑድሉን ከተትኩ፣ ሲለሰልስ አጠለልኩ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። መጥበሻው ላይ ከአትክልቱ ጋር ማገላበጥ ስጀምር መቆራረጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ላቆጠ፣ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ተጣብቆ በማንኪያ የሚቆረስ ነገር ሆነ። ሶያ ሶሱም ውስጡ አልገባም፤ ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ ነጭና ጣዕም የለሽ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ፓስታ የስንዴ ነው፤ ግሉተኑ እንደ መረብ ሆኖ ስለሚይዘው በፈላ ውኃ ውስጥ ብዙ ደቂቃ ይችላል። ቢሖን የሩዝ ወይም የበቆሎ ስታርች ነው፣ ግሉተን የለውም፣ ክሩም ቀጭን ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት በስሎ ከደረቀ በኋላ ነው የሚታሸገው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚቀረው ሥራ ማብሰል ሳይሆን ውኃ መመለስ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከተላል፤ ተራ ውኃ ጠጥቶ የጠገበ ኑድል መረቅ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የሚጠጣው ነገር መጀመሪያውኑ መረቁ መሆን አለበት።

ማለትም እንደ ፓስታ ሳይሆን እንደ ሩዝ ነው የሚሠራው፤ ተለክቶ የገባው ፈሳሽ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ያልቃል፣ የሚደፋ የለም። አቴን "እስኪበቃው" ያሰኛት ይህ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሱቅ

የፊሊፒኖ ግሮሰሪ ከሳትዋ፣ ከካራማና ከዴራ አይጠፋም። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ማሸጊያ ሳነብ ቆየሁ። ቢሖን ቀጭኑ ነው። ካንቶን ከስንዴ የሚሠራ፣ ቢጫ፣ ተጠብሶ የደረቀ ነው። ሶታንግሆን ከማሾ ስታርች የሚሠራ ነው፤ ሲበስል ወለል አድርጎ ያሳያል። ሚስዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ የስንዴ ነው፣ ሾርባ ውስጥ ይገባል። ፓላቦክ ወፍራሙ ነው።

ፓላቦክ አስጎምጅቶኝ ነበር። ላዩ ላይ በሽሪምፕ መረቅ የተሠራና በአናቶ ፍሬ ብርቱካንማ የሆነ ወፍራም ሶስ ይፈስበታል፤ ከዚያ የተጨሰ ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርትና የተፈጨ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይነሰነስበታል። ሶሱ ብቻውን ድስት ይፈልጋል፤ አንድ ምድጃ ይዤ አይሞከርም። ደግሞ አሳማውንም ሽሪምፑንም ቤቱ ውስጥ ግማሾቻችን አንበላም። ተውኩት።

ቢሖን ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት ከማሸጊያው ጀርባ ነው። አንዱ ሩዝ ይላል፣ ሌላው የበቆሎ ስታርች። ሁለቱንም ገዛሁና ጎን ለጎን ነከርኳቸው። የሩዙ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ሲበስል ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ ብዙ ካገላበጡት ይቆራረጣል። የበቆሎው ነገር ግን ይጠነክራል፤ ለመለስለስ ይዘገያል፣ ሲበስል ብርሃን ያስተላልፋል፣ ሲጎተት ይለጠጣል፣ እንደ እኔ ዓይነቱን አጥብቆ የሚያማስል እጅም ይችላል። ለጀማሪ የበቆሎው ይሻላል። አቴም የምትገዛው እሱን ነው፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "እናቴም እሱን ነው የምትገዛው" ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ ለ227 ግራም የበቆሎ ቢሖን ነው፣ አንድ ትንሽ ፓኬት ማለት ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ፈሳሹ

ብዙ ጊዜ የበላኝ ይህ ነው።

ሳይነከር በቀጥታ፣ 700 ሚሊ ሊትር መረቅ፦ መጠጣቱን ጠጣ፣ ግን እኩል አልጠጣም። ደረቁ ኑድል መጥበሻው ላይ እንደ ጎጆ ተቆልሎ ስለሚቆም ታችኛው ሲለሰልስ ላይኛው ገና ደረቅ ነው። ላይኛው እስኪደርስ ታችኛው ላቆጠ። ጊዜውም ረዘመ።

በሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ 450 ሚሊ ሊትር፦ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ስላፈሰስኩበት ገና ሳይጠነፈፍ ተጣበቀ። የመጀመሪያው ድስት ጥፋት በሌላ መንገድ ተመለሰ ማለት ነው።

በቧንቧ ውኃ 10 ደቂቃ ተነክሮ፣ 300 ሚሊ ሊትር፦ ኑድሉ ተለያይቶ ወጣ፣ ደስ አለኝ። ስንቀምሰው ግን መሐሉ ጠንካራ ነው። መጥበሻውም ታች መያዝ ጀምሮ ነበር። ከላይ ተራ ውኃ ጠብ ጠብ አደረግኩበት፤ አዳነው፣ ግን ጣዕሙ ሳሳ።

በቧንቧ ውኃ 10 ደቂቃ፣ 600 ሚሊ ሊትር፦ ሾርባ። ፈሳሹ እስኪያልቅ ስጠብቅ ኑድሉ አለቀ።

በቧንቧ ውኃ 10 ደቂቃ፣ 450 ሚሊ ሊትር፦ ይሄ ነው። ፈሳሹ አልቆ ታች ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሲጀምር ኑድሉም አብሮ ይደርሳል።

ዱባይ ውስጥ የቧንቧ ውኃ በሞቃቶቹ ወራት ራሱ ሙቅ ነው፤ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ነው ያለው። ሰኔ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው ከፍሪጅ ውኃ ይቀላቅልበት፣ አለዚያ 10 ደቂቃው ይበዛል። አሁን ኅዳር ስለሆነ አላስቸገረኝም።

መዝኜዋለሁ፦ 227 ግራም ደረቅ ኑድል ተነክሮ፣ ወንፊት ላይ ጥቂት ተጠንፍፎ 400 ግራም አካባቢ መጣ። ይህን ቁጥር መያዝ ጠቃሚ ነው። ከ450 ግራም በላይ ካነበብኩ ብዙ ስለጠጣ መረቁን እቀንሳለሁ። ሰዓት ከማየት ሚዛን ማየት ይሻላል፤ የውኃው ሙቀት በየቀኑ ይለያያል።

መጥበሻው

28 ሴንቲ ሜትሩ አይሆንም። ጎኑ አጭር ስለሆነ ሲገላበጥ ግማሹ ስቶቩ ላይ ይፈሳል። 32 ሴንቲ ሜትር ቀጭን የብረት ዎክ (ጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ) በ35 ድርሃም ገዛሁ። ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እስኪጠቁር ድረስ መቃጠል አለበት፤ ጭሱ ማንቂያውን እንዳያስጮኽ መስኮቱን ከፍቼ፣ ኩሽናው ባዶ በሆነበት ጠዋት አደረግኩት። በሳምንቱ አንድ ሰው ውኃ ሞልቶበት አሳደረውና ዛገ። ፈግፍጌ እንደገና ቀባሁት። አሁን አልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው።

የስቶቩ እሳት ደካማ ነው። የሬስቶራንት ዎክ ላይ የሚገኘው የእሳት ሽታ እዚህ አይገኝም፤ መሞከሩም ከንቱ ነው። ደካማ እሳት የሚጎዳው አትክልቱን ነው፤ ብዙ ከገባ ከመጠበስ ይልቅ በራሱ ውኃ ይቀቀላል።

ሽንኩርትና አትክልት

የእኛ አገር እጅ ሽንኩርት ሲያይ ማቁላላት ይወዳል። እኔም ሳላስበው ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቄ ከትፌ፣ በትንሽ እሳት እስኪቀላ ስጠብቅ ከግማሽ ሰዓቴ ሲሦው አለቀ። ወጡም ሳይኖር ቁሌት ሠራሁ ማለት ነው። ጣዕሙ መጥፎ አልነበረም፣ ግን ጣፋጭ ሆነና ፓንሲት ፓንሲት አላለም። አቴ ቀምሳ "ይሄ የእናንተ ነው" ብላ ሳቀች።

ለፓንሲት ሽንኩርቱ በስሱ ይቆረጣል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ሽንኩርቱ ወለል እንዳለ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

አትክልቱ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመንና ሴለሪ ነው። አቴ ለጋ የአተር እሸት ከነቅርፉ ትጨምራለች፤ ዋጋው ስለበዛብኝ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ከኑድሉ ጋር አብሬ ነበር የማበስለው። ጎመኑ ውኃውን ስለሚለቅ የለካሁት 450 ሚሊ ሊትር ትርጉም አጣ። አንድ ቀን ትንሽ፣ አንድ ቀን ትልቅ ጥቅል ጎመን፤ ፈሳሹም በዚያው ልክ ይለዋወጣል። ለውጡ ከየት እንደሚመጣ እስክደርስበት ድረስ ሚዛኑን ነበር የምጠረጥረው።

መፍትሔው አትክልቱን ለብቻው በፍጥነት ጠብሶ ማውጣት ነው። ካሮትና ፎሶሊያ ሁለት ደቂቃ፣ ጎመኑ አንድ ደቂቃ ተጨምሮ፣ ከዚያ ወደ ሳህን። ኑድሉ ደርሶ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይመለሳል። ካሮቱ ሲነከስ ይሰማል፣ ጎመኑ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ ልኬቱም አይዛባም።

ካሮትን እንደ ክብሪት እንጨት መቁረጥ ጊዜ ይወስዳል። በሻካራው መፈቅፈቂያ ሞከርኩት፤ ረገፈና ቀለሙ ብቻ ቀረ። በድንች መላጫ እንደ ሪባን ሳነሳው ግን ከኑድሉ ጋር ይጠማዘዛል፣ ጊዜውም አጭር ነው። ይሄ ቆየልኝ።

ሶያ ሶስ፣ ጨው፣ ቀለም

ቤት ውስጥ የነበረው ጥቁሩ የቻይና ሶያ ሶስ ነበር። ሦስት ማንኪያ አደረግኩ፤ ኑድሉ እንደ ኑግ ጠቆረ፣ ጨዉ ግን አነሰ። ጥቁሩ ለቀለም ነው የሚጨመረው። የፊሊፒኖው ቀጭንና ጨዋማ ነው፤ ዳቱ ፑቲም ሲልቨር ስዋንም በየግሮሰሪው አለ። ለአንድ ፓኬት ኑድል ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

ጨዉን ሦስት ነገሮች ያመጡታል፤ ሶያ ሶሱ፣ የዓሣ ሶሱ (ፓቲስ) እና የዶሮ ኪዩብ። ሦስቱም በአንድ ቀን ሲገቡ ሊበላ አልቻለም፤ በሻይ ነው ያወረድነው። ፈሳሹ ሲተን ጨዉ እንደሚቀር መርሳት የለብኝም ነበር፤ መረቁ ገና ዎክ ውስጥ ሲገባ "ልክ ነው" ካለ መጨረሻው በዝቷል። አሁን መረቁን ስቀምሰው ትንሽ አልጫ እንዲለኝ አደርጋለሁ። ኪዩብ ካለ ፓቲስ የለም። እውነተኛ የዶሮ መረቅ ካለ አንድ ማንኪያ ፓቲስ ይገባል።

ካላማንሲ ጎን ለጎን ይቀርባል። ትንሽ ክብ ፍሬ ነው፤ ኮምጣጣነቱ የሎሚ፣ ሽታው ወደ መንደሪን ያደላል። እዚህ በፍሪዘር ያለው ይገኛል። ሲጠፋ የእኛን ዓይነት ትንሿን ሎሚ ጨምቄ የብርቱካን ጭማቂ ጠብ አደርግበታለሁ፤ አቴ አልተቃወመችም፣ አላደነቀችምም። ዎክ ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም፤ ሙቀቱ ሽታውን ወስዶ ምሬቱን ይተዋል። ገበታ ላይ ብቻ።

መቀስ

ረጅሙ ኑድል ዎኩን አላገላብጥ ሲለኝ በመቀስ ለመቁረጥ ከመሳቢያው አወጣሁ። አቴ ከክፍሏ ሮጣ ወጣች። ፓንሲት በልደት ቀን የሚበላው ለረጅም ዕድሜ ነው፤ መቁረጥ ዕድሜ ማሳጠር ነው። "ዛሬ የማንም ልደት አይደለም" ብላትም አልሰማችኝም። መቀሱን መለስኩ፤ በምትኩ እንደ ሰላጣ ማንሻ በሁለት የእንጨት ማማሰያ ከታች ወደ ላይ እያነሱ ማራገፍን አሳየችኝ። እውነቱን ለመናገር ከመቀሱ ይሻላል፤ የተቆረጠ ኑድል መረቁ ሲያልቅ ታች ተጋድሞ ይይዛል፣ ረጅሙ ግን ሲነሳ አየር ያገኛል።

ኅዳር 15፦ ጾም ገባ

ጾመ ነቢያት ስለጀመረ ዶሮውም መረቁም ወጡ። ኑድሉ ራሱ የጾም ነው፤ ስታርችና ውኃ። ካንቶን ግን ማሸጊያው መነበብ አለበት፣ እንቁላል ያለበት አለ። ኦይስተር ሶስና ፓቲስ ከባሕር እንስሳት ስለሚሠሩ አይገቡም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ቤታችን አልፈታውም፤ ለሁላችንም እንዲሆን ተውኩት።

ሥጋ የሌለበት መረቅ ከምን ይሠራል? በአትክልት ኪዩብ የሠራሁት የታሸገ ሾርባ ነው የሚለው። ሁለተኛው ሙከራ ከደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ነበር፤ 20 ግራም በ500 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ነክሬ ፍሪጅ ውስጥ። ማታ ስመለስ ቡናማ፣ ጥሩ ጥሩ የሚሸት ውኃ ይጠብቀኛል። አሸዋ ስላለበት በወንፊት ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ በወንፊት አጥልዬው ጥርሳችን አቃጨለ። እንጉዳዩ ራሱ ተቆርጦ የዶሮውን ቦታ ይይዛል፤ ከጎኑ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል) በኩብ ተቆርጦ፣ በጨርቅ ደርቆ ይጠበሳል። ቶፉው ካልደረቀ ዘይቱ ይረጫል። ክንዴ ላይ ምልክት አለ።

ውጤቱ የሚገርም ነው፤ ከዶሮው ባልተናነሰ ያለቀው ይህ ነው። ጊዜውም አጠረ፤ መረቁ የተሠራው እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ነው።

ከዚህ የተነሣ የዶሮውንም መንገድ ቀየርኩ። ጾሙ ሲፈታ የማደርገው ይህ ነው፤ በእረፍት ቀን ዶሮውን ቀቅሎ፣ ሥጋውን በጣት ቀዶ፣ መረቁን 450 ግራም 450 ግራም እየመዘኑ በፕላስቲክ ከረጢት ማቀዝቀዝ። አንድ ከረጢት ለአንድ ፓኬት። በማታው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዶሮ መቀቀል ሁልጊዜ ሰዓቱን ይበላ ነበር። አሁን የሚቀረው ማቅለጥ ነው።

ታኅሣሥ 15፣ ለሊት

በእነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ነው። አቴና ጓደኞቿ ከሳምንት በላይ ከሥራ መልስ ዑድ መታ ወዳለው ቅድስት ማርያም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሲምባንግ ጋቢ፣ ከገና በፊት ላለው የዘጠኝ ቀን ቅዳሴ፣ ሲመላለሱ ነበር። ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ኖቼ ቡዌና፣ የገና ዋዜማ ድግሳቸው፣ ነው፤ ገበታው ላይ ፓንሲት አይቀርም። እኛ ሐበሾቹ ገና ጾም ላይ ነን፤ የእኛ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

ኩሽናው ዛሬ ያለ ተራ ነው፤ ሁሉም ተስማምቷል። አቴ የሠራችው ባም-ኢ ነው፣ የሴቡው ዓይነት፤ ቢሖንና ካንቶን ተቀላቅለው፣ ጥቁር የደረቀ እንጉዳይ ገብቶበት። በዶሮና በአሳማ ነው የሚሠራው፤ እሷ ለቤቱ ስትል አሳማውን አውጥታዋለች። ቆሜ ልኬቱን ለመጻፍ ሞከርኩ። ካንቶኑ አይነከርም፤ ደረቁን መረቅ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሲለሰልስ ነው የተነከረው ቢሖን የሚከተለው። ሁለቱ አብረው ከገቡ ቢሖኑ ቀድሞ ይላቁጣል። ይሄን ለብቻዬ ብሞክረው ኖሮ ስንት ፓኬት እንደማጠፋ አውቃለሁ።

እኔ ከጎኗ በሺታኬው የጾም ፓንሲት ሠራሁ። ለአሥር ሰው ስለሆነ ሁለት ፓኬት በአንድ ዎክ፣ 900 ሚሊ ሊትር መረቅ። አልተሳካም፤ ዎኩ ሞልቶ እንፋሎቱ የሚወጣበት አጣ፣ እሳቱም አልገፋው አለ፣ የታችኛው ላቆጠ። የላይኛውን ግማሽ አውጥቼ አቀረብኩ። እጥፍ ልኬት በዚህ እሳት አይሠራም፤ ሁለት ጊዜ በየተራ መሥራት ይፈጥናል።

የአቴ ጓደኛ ሌላ ፓንሲት ከሬስቶራንት አምጥታ ነበር፤ የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት ቢላኦ ላይ። ቢላኦ የእኛው ሰፌድ ነው፣ በቀርከሃ የተሠራ። እህል የሚያነፍሱበት ዕቃ እነሱ ዘንድ የድግስ ትሪ ሆኗል።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ወደ ሥራ የሚሄድ ምሳ

ለነገ ምሳ ማስቀረት ስፈልግ ያየሁት፦ ኑድሉ ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ማይክሮዌቭ ብቻውን አያድነውም። ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጎ፣ ክዳኑን ከፈት አድርጎ 1 ደቂቃ ተኩል፣ አውጥቶ ማላቀቅ፣ ከዚያ 30 ሰከንድ።

ከዚያ የሚከብደው መበላሸቱ ነው። ፓንሲት ቶሎ ይሻግታል፤ በተለይ ጎመን ያለበት። አንድ ማታ ትኩሱን ከድኜ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኩት፤ ጠዋት ስከፍተው የኮመጠጠ ሽታ መታኝ፣ ኑድሉም ያሟልጭ ነበር። ሁሉም ተጣለ። አሁን ለምሳ የሚሄደውን ጎመኑ ሳይመለስበት አስቀድሜ አነሳለሁ፣ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግቼ አቀዘቅዛለሁ፣ ወዲያው ፍሪጅ። ጎመን የሌለው ፓንሲት ያሳዝናል፣ ግን ይበላል።

ወጪ

ለአንድ ድስት፣ እዚሁ ሰፈር በከፈልኩት፦ ቢሖን 5 ድርሃም፣ የዶሮ ታፋ ግማሽ ፓኬት 7፣ ጥቅል ጎመን ሩቡ 2፣ ካሮትና ፎሶሊያ 4፣ ሴለሪ 1፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት 2፣ ከሶያ ሶሱና ከካላማንሲው የሚደርሰው 2 ይሁን። 23 ድርሃም ለአራት ሰው። በጾሙ ዶሮው ወጥቶ ቶፉና ሺታኬ ስለሚገቡ 26 ይደርሳል፤ ሺታኬው ነው የሚያስወድደው። የደረቀውን በትልቁ ከረጢት መግዛት ይሻላል። እነዚህ ቁጥሮች የዎኩን 35 እና ለሙከራ የጠፋውን ኑድል አይጨምሩም። የጠፋውን መቁጠር አልፈልግም።

ጥር መጀመሪያ፦ ቁም ሣጥኑ ላይ የለጠፍኩት

227 ግራም የበቆሎ ቢሖን በቧንቧ ውኃ ይነከር። የመረቅ ከረጢቱ ከፍሪዘር ይውጣ፤ ጠዋት ካልወጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። በዚህ መሐል አትክልት ይቆረጥ፣ 8 ደቂቃ ይበላል። ቢላዋዬ ከተሳለ 6።

ዎክ፣ ከፍ ያለ እሳት፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ 2 ደቂቃ። ካሮትና ፎሶሊያ፣ ከዚያ ጎመን፣ በጠቅላላው 3 ደቂቃ፤ ወደ ሳህን። ኑድሉ ወንፊት ላይ ይጠንፈፍ፣ ይመዘን፤ 400 አካባቢ ከሆነ ይቀጥል።

መረቅ 450፣ ሶያ ሶስ ሦስት ማንኪያ፣ ፓቲስ አንድ፣ ቁንዶ በርበሬ ብዙ፣ የተቀደደው ዶሮ። እስኪፈላ 3 ደቂቃ። ኑድሉ ይግባ፤ መጀመሪያ መረቁ ውስጥ ተጭኖ ይስመጥ፣ ከዚያ በሁለት ማማሰያ እየተነሳ ይራገፍ፣ 5 ደቂቃ። ሲጢጥ ሲል እሳቱ ይጥፋ። አትክልትና ሴለሪ ይመለስ፣ ይከደን፣ 2 ደቂቃ።

በዚህ ሒሳብ 24 ደቂቃ ገደማ ነው። ዎኩን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ ወደ አልጋዬ ሥር ለመመለስ ይበቃኛል፣ ተረኛውም በር ላይ ሳይቆም።

የካንቶኑ ልኬት ገና ነው። ባም-ኢን ለብቻዬ ስሞክር ለ113 ግራም ካንቶንና ለ113 ግራም ቢሖን 450 አልበቃም፤ 500 አድርጌ ካንቶኑ አሁንም ነከስ ሲደረግ ይቃወማል። ቀጣዩ 550 ነው፣ ካንቶኑ ከቢሖኑ 3 ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ።